ያልተፈታው የበሶ አቁማዳ

ዓለም ከተማ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘነቡ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ብርዱ እዚያ ጠንክሮ ይሆናል፤ ጥጃዋ ደጅ እንዳታድር አደራ። እኛ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን በደህና ወርደናል። ስልኩ እዚህም እንደዚያው ሬሳ ነው፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ መኳንንት የበግ ጠጉር ባናውን በመኪናው ጭኖ ሊሸጥ በወረደ ቁጥር ደብዳቤ በእጁ እሰድልሻለሁ። አንቺም በእሱው መልሺልኝ።

በመኳንንት አፍ የላክሽብኝን ልመልስ። ፍሬሕይወት ያረፈችው ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች በሚቆዩበት ቤት ነው። አምስት ናቸው። ወርዳ ወርዳ አባቷ ቤት ካላረፈች ምን ልትሠራ ወረደች ላልሽው፣ የአባቷ ቤት ከከተማው ወጣ ይላል፤ ምጡ ድንገት ቢመጣ ማን ተሸክሞ ያደርሳታል? እናት እንደሌላት ደግሞ ታውቂያለሽ። ውሃ የሚቀዳላት፣ አጥሚት የሚያሞቅላት፣ ወገቧን የሚያሽላት እኔ ነኝ። ከአስታማሚው ሁሉ ወንድ እኔ ብቻ ስለሆንኩ መጀመሪያ ሴቶቹ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን ለምደውኛል።

የማድረው በረንዳው ላይ ነው። አባቷ "የሞቀ ብላና እዚህ ተኛ" ብለው ሁለት ጊዜ ላኩብኝ፣ አልሄድኩም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽና ሳቂብኝ። አዋላጁ አስቻለው ነው።

አዎ፣ ያ አስቻለው። እኔ ሳልመጣ ፊት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የላከባት፤ አባቷ እሺ ብለው እሷ እምቢ ያለችው። ይኸው ተምሮ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጠዋትም ከሰዓትም ይመጣል። እንደ ጡሩምባ ያለች የእንጨት ነገር ሆዷ ላይ ይተክልና ጆሮውን ይለጥፍባታል። ዓይኑን ጨፍኖ። የልጁን የልብ ትርታ ነው የምሰማው ይላል። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቃለሁ።

በሶውን ገና አልፈታሁትም። ጾም አይደል፣ ቀኑ እንደምንም ይሄዳል።

ወንድምሽ ታሪኩ


ዘመሮ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታሪኩ፣

ጤናህን ልጠይቅህ ብል "ደህና ነኝ" እንደምትል አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጠይቅህም። መኳንንትን ጠየቅሁት። "ጉንጩ ገብቷል፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል" አለኝ። ይሄ ነው ደህና መሆን?

በጾም አታመካኝብኝ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ዕድሜህን ሙሉ ከስድስት ሰዓት ያለፈ ጾም ጾመህ አታውቅም። ያንን ገብስ በገዛ እጄ ቆልቼ፣ በገዛ እጄ ፈጭቼ፣ አቁማዳውን ጠፍሬ የሰጠሁህ ለጌጥ አይደለም። አንተ ብላው እንጂ ለሰው አታካፍል። ለሚስትህ ሐኪም ቤቱ ያበላታል።

አሁን ደግሞ ልናገር፣ ምቀኛ አትበለኝ። እዚህ ዘመሮ ሐኪም ቤት ጠፍቶ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረደችው? እዚህ አዋላጅ ጠፍቶ ነው? እኔ አላውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የላከ ሰው ልቡን በአንድ ቀን አይመልስም። እሱ እሷን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ብቻ ሳይሆን እሷ እሱን ስታይ ምን እንደምትሆን ተመልከት። ትስቃለች? እሱን ብቻ ንገረኝ።

ያለፈውን አታንሺብኝ ብለሃል፣ አላነሳም። ግን ያቺ ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ በገባች ቁጥር ዓይኔን አታየውም። እኔ ምን አደረግኋት? አንተ ቀየት ገበያ ሄደህ ሳለ ምጡ እኔ ቤት ሲይዛት፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ያለችው ራሷ ናት። ያኔውኑ ነግሬሃለሁ። ሕፃኑን እግዜር ወሰደው፣ ምን ላድርግ?

ወደ ቤትህ አምጣት። እዚህ እኔ አለሁ፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ የገንፎው እህል ተዘጋጅቷል። የወንድሜን ልጅ ያ ሰውዬ ከሚቀበለው እኔ ብቀበለው ምን ይጎድልበታል?

እህትህ ዘነቡ


ዓለም ከተማ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘነቡ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ይቅር በይኝ። መኳንንት ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል።

ያልሽኝን አሥር ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ ትስቃለች። ከእኔ ጋር ስትሆን ወገቤን ትላለች፣ እግሬን ትላለች፣ ልጁ ዛሬ አልተንቀሳቀሰም ብላ ታለቅሳለች። እሱ ሲመጣ እንባዋን ጠርጋ ትስቃለች። ትናንት ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ እግሯን ይዞ አገኘሁት። "እብጠቱን እያየሁ ነው" አለኝ። በጣቱ ጫን ሲያደርገው ይሰረጉዳል፤ እሱንም አሳየኝ። አየሁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ውሃ የምቀዳው እሱ በሌለበት ሰዓት ነው።

ለመብላት ከግቢው መውጣት አለብኝ። ስወጣ እሱ ይገባል። ስለዚህ አልወጣም። ብተኛም ሳልሰማ ይመጣል፣ ስለዚህ ተቀምጬ ነው የማነጋው። ይኸው ነው ነገሩ። ሴቶቹ ግን ጾሜን አክርሬ መስሏቸው "ጻድቁ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ጻድቁ ውሃ አምጣ፣ ጻድቁ ጸልይልን ይሉኛል። ከቆላ ልጇን ልታስወልድ የመጣች መዲና የምትባል ሴት ብቻ አልተታለለችም። ትናንት አጠገቤ ቁጭ አለችና "ልጄ፣ ጾም እኛም እናውቃለን። ጾመኛ ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራል። አንተ የምታፈጥረው መቼ ነው?" አለችኝ።

ቀናሁ፣ እትዬ። እፈር ብለሽ አትምከሪኝ፤ እያፈርኩም እቀናለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር አምጥቷል። "ልጁ አልዞረም፣ ቂጡ ወደ ታች ነው፣ እግሩ ሊቀድም ይችላል፣ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ እንዳትል" አላት። ይሄ ሰበብ ነው። ዓይኑ ሥር ሊያቆያት ነው። ሆዷን ሰንጥቆ አላየ፣ በእንጨት ጡሩምባ ቂጥና ራስ ይለያል?

ስለዚህ እንዳልሽው ላደርግ ነው። ቀኗ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። መኳንንት ታኅሣሥ 11 ሲወርድ ጋቢና አስቀምጬ አመጣታለሁ። አባቷም አያውቁም፣ ለእሷም አልነገርኳትም። ቤቱን አሙቂልን።

ታሪኩ


ዘመሮ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ታሪኩ፣

አታምጣት። ሰላምታው ይቆየን።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ቀኔ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እሱንም ልንገርህ። መደቡን ለቀለቅሁ፣ የጀመርከውን ባና ከመሸመኛው ላይ አውርጄ ጫፉን ቋጠርኩ፣ ለሕፃኑ ይሆናል ብዬ። ከዚያ "እግሩ ሊቀድም ይችላል" ያልከውን መልሼ አነበብኩት። አዋላጁ እየዋሸህ አይደለም። ያለፈው ሕፃንም የመጣው በእግሩ ነው። ለአንተ አልነገርኩህም።

ሌላም ያልነገርኩህ አለ። ሐኪም ቤት አልሄድም ያለችው እሷ አይደለችም። ያን ቀን ጠዋት ምጡ ሲጀምራት እጄን ይዛ "እትዬ ዘነቡ፣ እባክዎ ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ" አለችኝ። እኔ ነኝ አይሆንም ያልኳት። ስንቷን አዋልጃለሁ፣ አንቺ ማን ሆነሽ ነው አልኳት። ደግማ ለመነችኝ። እኩለ ቀን ላይ ለመነችኝ። ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ደጅ ድረስ መጣ፣ መለስኩት።

ለምን ብትለኝ፣ አንተን ወስዳብኛለች። እናታችን ስትሞት አንተ የአራት ዓመት ልጅ ነበርክ። እኔ አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ አንተን አሳደግሁ። እሷ መጣችና፣ ማታ ማታ ለእኔ ታወራ የነበርከው ለእሷ የምታወራ ሆንክ። እንግዲያውስ ልጁን ቀድሞ የሚነካው እጅ የእኔ ይሁን አልኩ። የሌላ ሰው እጅ ሲቀድመኝ ታየኝ። ሕፃኑ እግሩን ሲያወጣ ተሳስቻለሁ አልኩ፣ ግን ያኔ ራሱ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የቀረውን አንተም ደርሰህ አይተሃል።

እሷ አልተናገረችብኝም። አንተ ፊት ስዋሽ እየሰማች ዝም አለች። ዓይኔን የማታየው ለዚህ ነው። ቁልቁለቱን የወረደችውም አስቻለውን ፍለጋ አይደለም፣ ከእኔ እጅ ሸሽታ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው "ትስቃለች ወይ" ብዬ የጻፍኩልህ። እዚያ ሰው ሲደርስላት አይታ ነው የምትስቀው።

ለመኳንንት "አትጫናቸው፣ ባዶህን ተመለስ" ብዬዋለሁ። አንተ እልኸኛ ስለሆንክ ይህንንም ጻፍኩ። ከእንግዲህ እህቴ ባትለኝ አልፈርድብህም።

በሶውን ብላ።

ዘነቡ


ዓለም ከተማ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘነቡ፣

እትዬ ልበልሽ ወይስ አልበልሽ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ይኸው ብዬሻለሁ፣ ሌላ መጥሪያ አጣሁ።

መጀመሪያ የምትጠብቂውን ልንገርሽ። ፍሬሕይወትን ማርያም ማረቻት። ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም በሕይወት አሉ።

አሁን ከሥሩ ልንገርሽ። መኳንንት ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ሳላነበው ኪሴ ከተትኩት፣ ስለ በሶው መስሎኝ። "እህትህ አትጫናቸው ብላኛለች" ቢለኝም መንገዱን ፈርቶ ነው ብዬ ጮህኩበት። ፍሬሕይወትን "ተነሺ፣ ወደ ቤታችን ነው" አልኳት። የአልጋውን ብረት ጨብጣ ያዘች። ጣቷን አንድ በአንድ ፈታሁት፣ እትዬ። ይህን በገዛ እጄ አድርጌያለሁ። ጓዟን ተሸክሜ፣ እሷን እየጎተትኩ ግቢው በር ስደርስ ምድሩ ከእግሬ ሥር ሄደ። እህል ከቀመስኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

ወድቄ ስታየኝ ጮኸች፣ በዚያው እንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ይህን የነገረችኝ መዲና ናት። አስቻለው እየሮጠ መጣ፣ ደረቴን አዳመጠና "ይሄ ሰውዬ አልታመመም፣ ርቦት ነው" ብሎ ትቶኝ ወደ እሷ ሄደ። መዲና አቁማዳሽን ከበረንዳው አምጥታ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። በሶውን በውሃና በጨው ለውሳ ጭብጦውን እየቆረሰች አጎረሰችኝ። የቤታችን ገብስ ጣዕም አፌ ሲገባ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ አስቻለው ተመልሶ መጣ። ምን እንዳለኝ ቃል በቃል ልጻፍልሽ። "የምታስበውን ሁሉ አውቃለሁ። ስትጨርስ ብትፈልግ ትደበድበኛለህ። አሁን ግን ልጁ በቂጡ ነው የሚመጣው፣ ሚስትህን ደግፎ የሚይዝልኝ ክንድ እፈልጋለሁ። የተራበና ያልተኛ ክንድ አይረባኝም። ምጡ ገና ነው። ሁለት ሰዓት ተኛ፣ እኔው ራሴ እቀሰቅስሃለሁ።"

ከእሱ ጋር ትቻት ልተኛ? ተመልከቺ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ወፍጮ ቤት ኩንታል ተሸክሜያለሁ፣ በበረዶ ከብት ፈልጌያለሁ፤ ያን ዓይን እንደ መክደን የከበደኝ ነገር የለም። እሱም እንዳለው መጥቶ ቀሰቀሰኝ።

ገባሁ። ከኋላዋ ሆኜ በብብቷ ሥር ያዝኳት። ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ። ክንዴን ነከሰችኝ፣ ምልክቱ አሁንም አለ። አንድም ጊዜ አላስለቀቅኋትም። እግሬ አልተንቀጠቀጠም። ባልበላ ኖሮ ከእሷ ጋር ተያይዘን እንወድቅ ነበር። መጀመሪያ የልጅቷ ቂጥ፣ ከዚያ እግሮቿ መጡ፣ ራሷ የመጨረሻ ነበር። ዝም አለች። አስቻለው ጀርባዋን አሸት፣ አሸት ሲያደርጋት አለቀሰች። ውጭ ሴቶቹ እልል አሉ፣ መዲናም አብራ እልል አለች።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ካባዬን ሳራግፍ ከኪሴ ወደቀ። ለፍሬሕይወት ሳነብላት ልጅቷን እያጠባች ሰማችኝና "አውቃለሁ እኮ" አለች። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ። "ብነግርህ እህትህን ታጣታለህ፣ እሷም አንተን ታጣለች። እኔ ያጣሁት ይበቃል ብዬ ነው" አለችኝ። ስለ አስቻለውም ጠየቅኋት፣ ሳልጠይቅ አልቀረሁም። "ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ያልኩትን ሰው፣ ሳይልክ እሺ እለዋለሁ?" ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ከእኔም ጋር ትስቃለች።

አንቺን ልሰድብሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። ወንድ ልጄን ነው ያጣሁት፣ ሁለት ዓመት ሙሉም የገዛ ሚስቴን በልቤ ስወቅስ ኖሬያለሁ። ግን በምን አፌ ልስደብሽ? አንቺ ቃሬዛውን ከደጅ መለስሽ፣ እኔ ጣቷን ከአልጋው ላይ ፈታሁ። እኔን ረሃብ ባይጥለኝ ኖሮ ይህቺ ልጅ መንገድ ላይ ነበር የምትመጣው፣ መኪና ውስጥ፣ በእግሯ። አንቺን የሚጥልሽ አልነበረም እንጂ ሥራችን አንድ ነው።

ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም። ገና ነው። ፍሬሕይወት ግን "ልጅቷ የአባቷን እህት ትወቅ" ብላለች፣ ጻፍልኝ ያለችኝን ነው የጻፍኩት። መኳንንት ከሰሞኑ ከቤትሽ ጢስ እንደማይወጣ፣ እህል እንደማትቀምሺ ነግሮኛል። በጾም አታመካኚ። እኔም ጻድቅ ተብዬ ነበር። ርቦሽ ወደዚህ እንዳትመጪ፣ እዚህ የሚወድቅ ሰው ሁለተኛ አንፈልግም።

መጀመሪያ ብዪ። ከዚያ ነይ።

ታሪኩ


ዘመሮ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍሬሕይወት፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ስምሽን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለታሪኩ በጻፍኩት ሁሉ "ሚስትህ" እና "ያቺ" ነበርሽ።

ዛሬ ጠዋት ሽሮ ሠርቼ በላሁ። አልወርድ ብሎኝ ነበር፣ በውሃ አወረድኩት። ብዪ ያለኝ እሱ ነው፣ ግን ያስባለው የአንቺ አንጀት እንደሆነ አላጣሁትም።

መኳንንት ዛሬ ይወርዳል። እኔ አብሬው መሄድ እችል ነበር፤ ደብዳቤውን ያስቀደምኩት "አይምጡ" ለማለት ጊዜ እንዲኖርሽ ነው። አይምጡ ብትይም ባናውንና ቅቤውን እልካለሁ፣ እሱ የልጅቷ ነው። ነይ ካልሽኝ በሚቀጥለው ጉዞ እመጣለሁ።

ከመጣሁ ውሃ እቀዳለሁ፣ ጨርቅ አጥባለሁ፣ ገንፎሽን አገነፋለሁ። ልጅቷን ያዢ እስክትይኝ ድረስ ግን አልነካትም። እስከዚያ በሩ ላይ እቀመጣለሁ።

ዘነቡ